የአገዳ ሒሳብ

ጎህ ሳይቀድ ደረስኩኝ ከክሌያ ማደያ፣
ጭነቴ ብርቱካን፣ መንገዴ ገበያ።
የሰኔ ቆፈን ነው፤ ከሞጂ ወንዝ ማዶ
ጉሙ አልተነሣም፣ አገዳውን ጋርዶ።
ክሌያ እጇን አሽታ፣ ቱቦውን አንሥታ፣
«ቤንዚን ወይስ አልኮል?» ትላለች በርጋታ።
ስንቴ ተጠይቄ ዛሬም ግራ ገባኝ፤
የዋጋው ሰሌዳ ዓይኔን እየሳበኝ።

ሒሳቡን ሕፃንም ያውቃል በእኛ መንደር፦
የአልኮሉን ዋጋ ለቤንዚን አካፍሎ መቁጠር።
ሰባ በመቶውን ካልደረሰ፣ ቅዳ፤
ካለፈ ተወው፣ አትግባ ከዕዳ።

ይህ ፒክአፔ ጠጪ ነው፤ ምን ልደብቅ ከቶ፤
ቤንዚኑን ይጠጣል እንደ ጨዋ ፈርቶ፤
አልኮል ሲያገኝ ግና፣ ድግስ እንዳየ ሌባ፣
«ድገሙኝ» ይለኛል ገበያም ሳልገባ።
ሐሰት ግን አላወራም፤ አልኮል ቀምሶ ሲነሣ
ዳገቱን ይወጣል ሸክሙን እየረሳ።
የሚከተለኝ ልጅ፣ ብስክሌቱን ነድቶ፣
«ሰክሯል!» ይላል ስቆ፣ ሽታውን አሽትቶ፤
ሳል ግን አይስልም።

ወንድሜ አዴማር የፋብሪካው ሰው ነው።
«የራሳችን መሬት፣ የራሳችን ፀሐይ፤
ምን ያስለምነናል ከባዕድ ጉድጓድ ላይ?»
ይላል፤ እውነቱን ነው።
ግን በፋብሪካው በኩል መስኮት ከፍቶ ይለፍ፣
የዝቃጩን ግማት አንድ ቀን ሳይጸየፍ!
የአያቴ ባቄላ የበቀለበትም
ዛሬ አገዳ ሆኗል፣ ዓይን አይጨርሰውም።

አባቴ ዤኔዚዮ ግን መቶኛ አያውቅም፤
ቢያስረዱትም እንኳ ከጆሮው አይዘልቅም።
የሱሪውን እግር ይሰበስብና
ጠባሳ ያሳያል፣ ከቅልጥሙ ጎን፣ ገና
ትናንት እንደተቆረጠ የሚያብረቀርቅ።
«አገዳ ስቆርጥ ነው አገዳዬን የቆረጥኩ፤
ሁለቱም ደም አላቸው፤
የአንደኛው ይጣፍጣል።»
በቀን ዐሥር ቶን።
ማታ እሳት ይለቁበታል፣
ጧት ከትኩስ አመዱ እነሱን ይለቋቸዋል።
እናቴ አንሶላዋን ገመድ ላይ አስጥታ
ጥቁር በረዶ ዘንቦበት ታገኘው ነበር ማታ፤
ዳግም ታጥበዋለች፣ ዝም ብላ።

አሁን ማሽን መጣ፤ እሳቱም ቀረና
አንሶላችን ነጣ፤ እሰየው፣ ምስጋና።
ብቻ፣ ከሰሜን በአውቶቡስ ይመጡ የነበሩት፣
ጉንዳን መስለው ማሳውን ይውጡት የነበሩት፣
ሰማንያ ጎልማሶች በአንድ ማሽን ተተኩ፤
የጠየቀም የለ፣ ወዴት እንደተላኩ።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ያው ቁስል አመርቅዞ
የአባቴ እግር አበጠ፣ ትኩሳትም ይዞ።
ደግፌ አስገባሁት፤ ቁልፉን ባዞር፦
እህ... እህ... እህ...
ከዚያ ዝም።
ብርድ ነው፤ ታንከሩም ሙሉ አልኮል ብቻ።
ሞተሩን በብርድ የምትቀሰቅሰው ያቺ የቤንዚን ዕቃ፣
የሻይ ጀበና የምታህለው፣
ደርቃለች፤
ጥቂት ሬያል ልቆጥብ ብዬ።
ኮፈኑን ከፍቼ እንባዬ ሲመጣ
አባቴ ሳቀብኝ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ፦
«ጠጪ በማለዳ ይነሣል ብለሽ ነው?»
እያነከሰ ሄዶ፣ ከጓሮ፣ ከሣር ማጨጃው ሥር
አንድ ጠርሙስ ቤንዚን አመጣ፤
ለሕፃን ሽሮፕ እንደሚሰጥ ሰው
ጠብ፣ ጠብ አደረገለት።
ተነሣ።

ክሌያ ትጠብቃለች።
ስድሳ ስምንት ነጥብ ሁለት።
ሒሳቡ ግልጽ ነው፤
ግን ሰሌዳው ላይ ለአንሶላ ቦታ የለው፣
ለሰማንያው ሰው የለው፣
እዚህ ገቢናው ውስጥ፣ ከማርሹ አጠገብ፣
ፋሻ ሊቀየርለት በመንገዴ ለጫንኩት፣
ለተዘረጋው አገዳ የለው።

«አልኮል ቅጂ» አልኳት። «ለትንሿም ዕቃ
ቤንዚን፣ እስከ አፏ።»
አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣
«ለእኔስ» አለ፣ «የሚቀዳ የለም?»